ጠላው እንዳይበርደው

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዴ ነጠላዬን አጣፍቼ ለጸሎት ቆምኩ። ሳሎናችን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ረጅም የብረት ማሞቂያ አለ። ከወለሉ ሥር ቤዝመንት ውስጥ ያለው ቦይለር የሚያፈላው ውሃ በዚያ ብረት ውስጥ እየዞረ ቤቱን ያሞቃል። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ሰግጄ ስነሣ እጄን እደገፍበታለሁ። ሙቀቱ ደስ ይለኛል። ያን ቀን እጄን ሳሳርፍበት ብረቱ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ።

«እመቤቴ፣ ዛሬ?» አልኩ። የዕለቱ ጸሎቴ የተጀመረው በዚህ ነው።

የጥር ማርያም የጽዋ ማኅበራችን ተራ የእኔ ነበር። በየወሩ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ካህኑ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላ የተቀዳበት ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በመጨረሻ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። እኛ እስከ ቅርብ ጊዜ የምንኖረው አፓርትመንት ውስጥ ስለነበር ተራዬ ሲደርስ የምደግሰው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። አዳራሹ ምንም አልጎደለበትም። ግን ሰው ማኅበር ሲያበላ የራሱ ቤት እንዲባረክለት ይመኛል። ክሊንተንቪል የሚባለው ሰፈር ውስጥ ይህን አሮጌ ቤት ልናይ ስንመጣ ባለቤቴ ጣሪያውን ያያል፤ እኔ ሳሎኑ ውስጥ ቆሜ ማን የት እንደሚቀመጥ አስባለሁ። ቤቱን እግዚአብሔር ሰጠን። ተራዬም ደረሰ።

ሌላም ነገር ነበር። የማኅበራችን ትልቅ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት ናቸው። ማኅበሩን በዚህ ከተማ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ዲቪ ደርሶን በመጣን በመጀመሪያው ዊንተር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በረዶ ላይ ስወድቅ ስነሣ አይተው ክንዴን ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እንደ አገርሽ እየተራመድሽ እዚህ አትኖሪም። እንደ ዳክዬ ነው። የእግርሽን ጣቶች ወደ ውጭ። እርምጃሽን አሳጥሪ። ወገብሽን ትንሽ ወዝወዝ። ደግሞ አትፈሪ፣ ሁሉም ሰው ያስቃል።»

ከዚያ መኪናችን ድረስ በሰው ፊት አራመዱኝ። እስከ ዛሬ በረዶ ሲጥል የምሄደው እንደዚያ ነው።

እማማ በዚያ ሰሞን ሳንባቸውን ታመው ስለነበር ሐኪም ብርድ እንዳይነካቸው አስጠንቅቋል። ልጃቸው ቴክሳስ ወዳለችው እህቱ ሊወስዳቸው ቲኬት ቆርጧል። የእኔ ማኅበር ከመሄዳቸው በፊት የመጨረሻው ነበር። ቤቴን ደግሞ ገና አላዩትም። እግራቸው ቤቴን ሳይረግጥ እንዳይሄዱብኝ ብቻ ነበር የምለምነው። ወንበራቸውን ከማሞቂያው አጠገብ አድርጌ ትራስ አስቀምጬበታለሁ።

ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። የሥራው ሰዓት ሌሊት ስለሆነ ገና መተኛቱ ነበር፤ መኪና ነው የሚነዳው። ቅር ሳይለው ተነሥቶ ወደ ቤዝመንት ወረደ። እኔም ተከተልኩት።

«ጠፍቷል» አለ ቦይለሩን በመዳፉ እየነካ፣ ልክ እንደ በሽተኛ ግንባር።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጠላዬ ነው። አርብ ማታ ስቀምሰው ገና አልነቃም ነበር። በርሜሉ የቆመው በመስኮቱ በኩል፣ ብርዱ በሚገባበት ጥግ ስለነበር በርዶታል። ያኑ ማታ ባለቤቴን ሥራ ሳይሄድ ለምኜ ቦይለሩ አጠገብ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ካለበት ግድግዳ ሥር አዛወርኩት። ሙሉ በርሜል ነው፤ በጠርዙ እያዘነበለ፣ እያሽከረከረ ሲወስደው ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

«እኔን ታምሜ እንኳ እንዲህ እሳት ዳር አስጠግተሽኝ አታውቂም» አለኝ።

«አንተ ለማርያም ጽዋ አትቀዳም» አልኩት።

ከዚያ አሮጌ ብርድ ልብስ አልብሼ በገመድ አሰርኩት። ያን ቅዳሜ ጠዋት እጄን ከልብሱ ሥር ሳስገባ በርሜሉ ለብ እንዳለ ነው። ተመስገን አልኩ። ቢያንስ ጠላው ተርፎልኛል ብዬ የብርድ ልብሱን ጫፍ እስከ ወለሉ ድረስ ሳብ አድርጌ ሸፈንኩለት።

ልጃችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ግቢው አካባቢ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ልትረዳኝ ብላ አርብ ማታ መጥታ አድራ ነበር። ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ደረጃውን ወረደች።

«ማሚ፣ ኢትስ ፍሪዚንግ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

ቦይለሩ ላይ ካለችው ትንሽ መስኮት የሚታየውን ቁጥር ስልኳ ላይ ጽፋ ፈለገች።

«ድሬይኑ ብሎክድ ነው ይላል። ውሃው መውጫ አጥቷል።»

«የምን ውሃ?» አለ አባቷ። «የሚያነደው እሳት አይደል እንዴ?»

አስረዳችን። እንደ እኛ ያለው አዲስ ቦይለር ጋዙን ሲያነድ እንፋሎት ይወጣዋል፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው በቀጭን ቱቦ ወርዶ ወለሉ ላይ ወዳለው ቀዳዳ ይፈሳል። መውጫ ካጣ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል።

«ያልበዋል ማለት ነው?» አልኩ።

«ካይንድ ኦፍ» አለችኝ፤ እንደዚያ በይው ማለቷ ነው።

ባለቤቴ በባልዲ ውሃ አምጥቶ ወለሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ላይ ደፋው። ቀዳዳው ጉልጭ አድርጎ ዋጠው።

«ይኸው ክፍት ነው። ጉግልሽ ተሳስቷል።»

«አባዬ፣ ጉግሌ አይደለም።»

ቦይለር ወደሚጠግን ድርጅት ኮል አደረገች። ስልኩን ያነሣችው ሴት ደግ ነበረች። በዚህ ብርድ የሁሉም ሰው ቤት ተበላሽቷል፤ ሰኞ ጠዋት ሰው እንልካለን አለች። ባለቤቴ ደግሞ ወደ አዳራሹ ደወለ። አዳራሹ ለክርስትና ተይዟል። ስልኩን ዘግቶ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ከዚያ ምድጃውን ለኩሼ ዳቦዬን ማየት ጀመርኩ። ሌላ ምን ይደረጋል? ዳቦ አይጠብቅም።

ለማኅበርተኞቹ በስልክ ግሩፓችን «ቦይለር ተበላሽቶብናል፣ ወፈር አድርጋችሁ ልበሱ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው የእማማ ልጅ ደወለ።

«እትዬ፣ አትቀየሚኝ። ቤቱ ከቀዘቀዘ እማዬን ማምጣት አልችልም።»

«አልቀየምህም። እውነትህን ነው።»

እውነቱን ነበር። ስልኩን አስቀምጬ ወደ ሳሎን ገባሁ። ትራሱን ከወንበሩ ላይ ላነሳው ብዬ እጄን ዘርግቼ ተውኩት። «እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አልኩና ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኞቹ መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ በአንድ እጇ ጋቢ፣ በሌላው የኤሌክትሪክ ሂተር ይዛ ገባች። ሁለተኛዋም ሂተር ይዛለች። ሦስተኛዋ ፖላሪስ በሚባለው የገበያ ሥፍራ አብራኝ የምትሠራ ናት፤ ሂተሯን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች።

«ክርስትና ያነሣሽው ልጅ ነው?» አለቻት አንዷ።

«አዎ። ግን እሳት የላሰ ነው፣ አትንኪው።»

ከዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘን ሥራዋ በቀጥታ የመጣችው ደግሞ የሥራ ጃኬቷን፣ ኮፍያዋንና ጓንቷን እንደለበሰች ቁጭ አለች። «እኔ ብርድ ልማዴ ነው። ዛሬ ሥራ ቦታዬ ውስጥ ማኅበር እንደተጠራሁ ነው የምቆጥረው» አለች። ካህኑ መጡ። በሩ ላይ ካፖርታቸውን በአንድ እጅ፣ ካባቸውን በሌላው ይዘው ቆሙ።

«የትኛው ከላይ ይሁን?» አሉ። «ካባው ከላይ ከሆነ አያምርም፣ ካፖርቱ ከላይ ከሆነ ደግሞ ቄስ መሆኔን ማን ያውቃል?»

«እኛ እናውቃለን አባታችን» አልናቸው። ካባውን ከላይ ደረቡ። እውነትም አላማረም።

ሁሉም ሂተሩን እየሰካ ሳለ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ የእማማ ልጅ መኪናውን ደጃፋችን አቁሟል። እማማ ከፊት ተቀምጠዋል። በሩጫ ወጣሁ፤ ሩጫዬም የዳክዬ ሩጫ ነበር። የመኪናው መስኮት ወረደ።

«ሰላም ብያት ልመለስ ብላ ነው» አለ ልጃቸው። «ሞተሩን አላጠፋሁትም። ከመኪና አትወርድም። ተስማምተናል።»

አንገታቸውን በመስኮቱ አቅፌ ሳምኳቸው። ፊታቸው ሞቅ ያለ ነበር።

«ቤትሽ ይኼ ነው?» አሉ።

«ይኼ ነው እማማ።»

«በሩ ቆንጆ ነው። እንግዲህ በሩን አየሁ።» ዓይናቸውን ከበሩ አላነሡም። «ፖሊስ ይዞኝ ነው እንጂ ውስጡንም አይ ነበር።»

«እማዬ፣ ተስማምተናል እኮ!»

መልስ ሳይሰጡት ከቤቱ ውስጥ «ውይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ተከተለው። መብራቱ ጠፍቷል። በኋላ እንደሰማሁት የመጨረሻዋ እንግዳ ሂተሯን ስትሰካ ነው ብሬከሩ የወደቀው። ያ ሁሉ ሂተር ባንድ ጊዜ ለአሮጌ ቤት በዝቶበታል። ባለቤቴ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«አንተ ወንድሜ!» ብሎ የእማማን ልጅ ጠራው። «ና እስቲ አንዴ ክንድህን አውሰኝ። የመብራት ሳጥኑን በርሜል ዘግቶብኛል። እኔ ትናንት ስገፋው ወገቤ ተቆርጧል።»

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ አደራ» አለኝና ገባ። ሞተሩ እንደበራ ነው።

በሩ ከኋላው እንደተዘጋ እማማ የመቀመጫ ቀበቷቸውን ፈቱ።

«ክፈችልኝ።»

«እማማ፣ አደራ ብሎኛል። ሳንባዎ…»

«ከዚህ እስከ በርሽ ድረስ ሳንባዬን በሻርፕ እይዘዋለሁ። ልጄ፣ ከመኪና መስኮት ተሰናብቼ ልሄድ ነው እንዴ? በመስኮት እንደሚገዛ ሃምበርገር?»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከፈትኩላቸው። ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ጠቀለሉ፤ ክንዴን ያዙ። ጣቶቻቸውን ወደ ውጭ፣ እርምጃቸውን አጭር፣ ወገባቸውን ትንሽ ወዝወዝ። ሁለት ዳክዬዎች ሆነን ደረስን።

ሳሎኑ ደብዝዟል። ሴቶቹ ጋቢ ተከናንበው በየጥጉ ተቀምጠዋል፤ ሂተሮቹ ሁሉ ጠፍተው በየመሐላቸው ቆመዋል። እማማ ሻርፓቸውን ዝቅ አድርገው አንድ በአንድ አዩአቸው።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሉ።

እልልታው ቤቱን ሞላው። ትራስ ያለበት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። የነበረው ጋቢ ሁሉ እላያቸው ላይ ተከመረ፤ የዌርሃውሷ ሴት ኮፍያዋን አውልቃ ደፋችላቸው።

ያኔ ከታች የባለቤቴ ድምፅ መጣ።

«አንቺ! ጠላሽ! ጠላሽ!»

 ተደፋ ብዬ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ስደርስ በርሜሉ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሏል፤ ጠላው ደህና ነው። ልጄ በስልኳ መብራት ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ባለቤቴና የእማማ ልጅ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቅ ይዟቸዋል። በርሜሉ ከነበረበት ቦታ አንድ ነጭ ቱቦ እንደ ጥብጣብ ተደፍጥጦ ይታያል። እያየነው ቀስ በቀስ ተነፋ፤ ክብ ሆነ። ከዚያ ቡልቅ አለ፤ ውሃው ወደ ወለሉ ቀዳዳ እየተንዶቀዶቀ ወረደ።

«ማሚ» አለች ልጄ፣ የሳቅ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ «ዩ ፓርክድ ዘ ጠላ ኦን ዘ ድሬይን። ጠላውን የውሃው መውጫ ላይ አቁመሽዋል!»

ጠላው እንዳይበርደው ብዬ ቤቱን ሙሉ ያበረድኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ሦስታችንም እዚያው ቆመን ያን ቱቦ ስንፈልግ፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ ስቤ የሸፈንኩበትም እኔው ነኝ።

ባለቤቴ ብሬከሩን መለሰ፤ መብራቱ በራ። ልጄ ቦይለሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ጠዋት እንዳነበበችው ጫን አድርጋ ያዘች። ማሽኑ አሰበ። ቀጭ አለ። ከዚያ ፉፍ ብሎ ነደደ፤ በትንሿ መስታወት ሰማያዊ እሳት ታየኝ። ማማተብ ብቻ ነበር የቻልኩት።

የእማማ ልጅ ከእኔ ቀድሞ ወደ ላይ ወጣ።

«እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ማኅበር እጠጣለሁ» አሉ ከጋቢው ክምር ውስጥ።

«ቤቱ እኮ ቀዝቃዛ ነው! ተነሺ።»

«ዝም በል፣ ጸሎት ሊጀመር ነው። አባታችን፣ ይጀምሩ እንጂ።»

ካህኑ ወደ ልጁም ሳያዩ መስቀላቸውን አነሡ። ካህን መስቀል ካነሣ በኋላ ማን ይናገራል? ልጁ ጫማውን አውልቆ ከእናቱ ወንበር አጠገብ ቆመ። እጁን ማሞቂያው ብረት ላይ አደረገ። አነሣ። ቆይቶ መልሶ አደረገ። ጸሎቱ መሐል ላይ ብረቱ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይል ጀመር። ሙቅ ውሃ ሲገባበት ሁልጊዜ እንደዚያ ይንቋቋል፤ እንግዳ የሚያስደነግጥ ድምፅ ነው። ለእኔ ግን በዚያ ሰዓት ከደወል ይበልጥብኝ ነበር። ልጁ እጁን ሳያነሣ ቆየ። ጸሎቱ ሲያበቃ የእናቱን እጅ ይዞ ብረቱ ላይ አሳረፈላቸው። 

ዳቦው ሲቆረስ ጋቢው አንድ በአንድ ይነሣ ጀመር። ጽዋው ሲዞር ካህኑ ካፖርታቸውን ከካባው ሥር አውልቀው፣ «ተመስገን፣ አሁን ቄስ ሆንኩ» አሉ። ልጄ የቱቦውን ታሪክ ግማሽ በአማርኛ፣ ግማሽ በእንግሊዝኛ፣ ሲቸግራት ደግሞ በእጇ እያሳየች ነገረቻቸው። በርሜሉን ስትሆን በጣም ነው የተሳቀው።

እማማ ከጽዋው ተጎንጭተው አጣጣሙት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ቤት አቀዝቅዞ የመጣ ጠላ ነው። ጥሩ ባይሆን ኖሮ አልምረውም ነበር።»

የመጨረሻው ሰዓት ደረሰ። ካህኑ ጽዋውን አንሥተው «የሚቀጥለው ተረኛ?» አሉ። ተረኛዋ የዌርሃውሷ ሴት ነበረች። ልትነሣ ስትል እማማ እጃቸውን ዘረጉ።

«ለእኔ ይስጡኝ።»

 ልጃቸው ቀስ ብሎ፣ «እማዬ፣ ቲኬቱ ተቆርጧል እኮ» አለ።

«ቲኬት ይቀየራል። ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት በመኪና መስኮት ቻው ብዬ የምሄድ መስሎኝ አልቅሻለሁ። አንተ ቁርስህን ስትበላ ነው ያለቀስኩት። ይህን ማኅበር እኔ ጀምሬዋለሁ። አብልቼ፣ አጠጥቼ፣ ቤቴ ውስጥ መርቄያችሁ ነው የምሄደው። ከዚያ ቴክሳስ ብትለኝ ቴክሳስ፣ ሌላም ብትለኝ ሌላ።»

«ብርዱስ?»

«የእኛ ቦይለር ላይ ማን ጠላ አስቀመጠበት?»

ልጁ ወደ ካህኑ ዞረ። ካህኑ ጣሪያዬን ይመለከቱ ነበር። ወደ እኔ ዞረ። እኔም አደራ የበላሁ ነኝ፤ ምን አፍ አለኝ? በመጨረሻ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ።

«አንድ ወር» አለ። «ከዚያ ወር በኋላ አንድም ቀን የለም። በረዶ ላይም አትወርጂም።»

«አልወርድም። ሰዉ ነው የሚመጣልኝ።»

ካህኑ ጽዋውን ሰጧቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት። የዌርሃውሷ ሴት ከሁላችን በላይ እልል አለች።

ሰኞ ጠዋት ጠጋኙ መጣ። ልጄ ቀጠሮውን በስልክ ሰርዤዋለሁ ብላኝ ነበር፤ ረስታው ኖሯል። ቦይለሩን ከፍቶ አየ፣ ዘጋ። ደህና ነው፣ ምንም የለውም አለኝ። ወደ በርሜሉ አመልክቼ የሆነውን በእንግሊዝኛዬ ነገርኩት። እሱም ሳቀ። ጠላ እንዳልሰጠው መኪና ይነዳል፤ ከማርያም ዳቦ የተረፈውን ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ለእማማ ማኅበር ጠላውን የምጠምቀው እኔ ነኝ ብዬ ለምኜ ተፈቀደልኝ። ጌሾውንና ብቅሉን ባለቤቴ ተሸክሞ አወረደልኝ። ከዚያ በፊት ግን ተንበርክኮ ቤዝመንቱ ወለል ላይ፣ ከቦይለሩ ርቆ በነጭ ቀለም መስመር አሰመረ።

«ከዚህ ወዲያ አታልፊም» አለ።

«እኔን ነው?»

«አንቺንም በርሜሉንም።»

አላለፍንም። በርሜሉ ከመስመሩ ወዲህ፣ ሳንቃ ላይ ቆሟል። ይበርደዋል ብዬ ሁለት ብርድ ልብስ አልብሼዋለሁ።